ከአፕዴት በኋላ የሚመጣ የዓይን ድካም

ኮምፒውተሩ ያው ነው፤ ወንበሩም፣ መብራቱም፣ መነጽሩም አልተቀየረም። ማታ ሲዘጋ «አፕዴት እየተጫነ ነው፣ አያጥፉ» ብሎ ነበር። ጠዋት ሲከፈት ግን ገና ሁለት ገጽ ሳይነበብ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ከቅንድብ በላይ ይወጥራል፣ ከምሳ በፊት ራስ ምታት ይከተላል። እንዲህ ብሎ የሚያማርር ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። የአይቲ ባለሙያው «አፕዴቱ የደኅንነት ቀዳዳ ነው የደፈነው፣ ስክሪንህን አልነካም» ይለዋል። የዓይን ሐኪሙ ደግሞ መርምሮ «ዓይንህ ደህና ነው፣ እረፍት አብዛ» ብሎ ሰው ሠራሽ እንባ ያዝለታል። ሰውየው ሁለቱንም አመስግኖ ወደዚያው ስክሪን ይመለሳል።

ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው «አፕዴቱ ዓይኔን አሳመመኝ» የሚለው አንድ አቤቱታ በውስጡ በርካታ የተለያዩ ጉዳዮችን ያጨቀ ነው። አንዳንዱ በይፋ የታወቀ፣ ስክሪኑን አጉልቶ በዓይን ሊረጋገጥ የሚችል ለውጥ ነው። አንዳንዱ ከብርሃኑ አፈጣጠር የሚመጣ፣ በዓይን የማይያዝ ነገር ነው። አንዳንዱን ደግሞ አፕዴቱ አልሠራውም፤ ስሙ ብቻ ነው የጠፋው። ሦስቱን አደባልቆ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ መከራከር እስከ ዛሬ ለማንም አልበጀም።

የዓይን ድካም የምንለው ራሱ አንድ ወጥ ነገር መሆኑ ያጠራጥራል። ጀምስ ሺዲ የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሰዎችን ሆን ብሎ በተለያየ መንገድ እያደከመ ምን እንደተሰማቸው ጠየቀ። ስሜቱ በሁለት ጎራ ተከፈለ። ነጸብራቅ፣ ደቃቅ ፊደልና ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ከፊት በኩል ማቃጠልና መድረቅ አመጡ። በጣም ቀርቦ ማንበብና አስቲግማቲዝም (የዓይን የፊት ገጽ ጥምዝ ወጥ አለመሆን) ደግሞ ከዓይን ኋላ የሚሰማ ሕመምና ውጥረት አመጡ። ስለዚህ «ዓይኔን ያቃጥለኛል» የሚለውና «ከዓይኔ ጀርባ ይጨመድደኛል» የሚለው ሰው ምናልባት የተለያየ ምክንያት ነው ያላቸው። ሐኪም ዘንድ ሲኬድም ይህንን ለይቶ መናገር ይጠቅማል።

ሌላው መነሻ የዓይን ማርገብገብ ነው። ቱቦታና ናካሞሪ የተባሉ ጃፓናውያን ሐኪሞች በ1993 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን እንደዘገቡት ሰው ዘና ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ በአማካይ 22 ጊዜ ያህል ያርገበግባል። ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ሲያነብ ወደ 10፣ ኮምፒውተር ላይ ሲያነብ ወደ 7 ይወርዳል። ስክሪን ላይ የሚውል ሰው እንግዲህ ከመጀመሪያውም ዓይኑ በድርቀት ጫፍ ላይ ነው ያለው። ከዚህ ላይ ፊደሉ በትንሹ ብዥ ቢል፣ ብርሃኑ በትንሹ ቢጠነክር፣ ከጫፉ ለማውረድ ብዙ አይፈልግም። «ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ እንዴት ሰው ያሳምማል?» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚህ አለ።

ማስረጃው ከሁሉ ይበልጥ ጠንካራ የሆነው ፊደል ላይ ነው። ስክሪን ላይ የምናነበውን እያንዳንዱን ፊደል ኮምፒውተሩ እዚያው በዚያው ይስለዋል። ፎንቱ ውስጥ ያለው ለስላሳ ጥምዝ መስመር ነው፤ ስክሪኑ ያለው ግን በረድፍ የተደረደሩ አራት ማዕዘን ፒክስሎች ብቻ ናቸው። ጥምዙን ወደ ፒክስል የሚለውጠው ፕሮግራም የቱ ፒክስል ድፍን ጥቁር፣ የቱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ እንደሚሆን ይወስናል። ይህን ውሳኔ የሚቀይር አፕዴት ከመጣ ፎንቱ፣ መጠኑና ሞኒተሩ ሳይቀየሩ ጽሑፉ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል።

ማይክሮሶፍት በ1998 ክሊርታይፕን ይፋ አደረገ። የኤልሲዲ ፒክስል አንድ ነጠብጣብ ቢመስልም ጎን ለጎን ከቆሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ቀጫጭን ዘንጎች የተሠራ ነው። ክሊርታይፕ ሦስቱን ለየብቻ እያበራ እያደበዘዘ የፊደሉን ጎን ከአንድ ፒክስል ባነሰ እርምጃ ይቀርጻል። ለብዙ ሰው ጽሑፉ ጠራለት። ቀለም አጥብቆ የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ግን በየፊደሉ ግራና ቀኝ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ማየት ጀመረ። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ ይህ ዘዴ ጠፍቶ ነበር የመጣው፤ የፈለገ ያበራው ነበር።

በ2006 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 7 መጣና ምርጫውን ከሰው እጅ ወሰደው። ብሮውዘሩ ዊንዶውሱ ላይ የተመረጠውን ወደ ጎን ብሎ ለድረ ገጽ ጽሑፍ ክሊርታይፕን በራሱ ያበራ ነበር። ማጥፊያው «አድቫንስድ» በሚለው ረጅም ዝርዝር ሥር ተወሽቆ፣ ከተገኘም ብሮውዘሩን ዘግቶ መክፈት ይጠይቅ ነበር። አዲሱ ስሪት በአውቶማቲክ አፕዴት በኩል ስለተሰራጨ ማታ አንድ ዓይነት ፊደል ያነበበ ሰው ጠዋት ሌላ ጠበቀው። የብሮውዘር አፕዴት የንባብ ሁኔታን በጅምላ ሲቀይር ከታየባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች ይህ አንዱ ነው፤ ለእኔ እስካሁንም ከሁሉ የጠራው ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው ማዕበል በመጋቢት 2011 መጣ። ፋየርፎክስ 4 እና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 በዚያው ወር ሲወጡ ሁለቱም ጽሑፍ የመሳሉን ሥራ ዳይሬክትራይት ለሚባለው አዲስ መንገድና ለግራፊክስ ካርዱ አሳልፈው ሰጡ። የቀድሞው ዘዴ የፊደሉን ቋሚ መስመር ጎትቶ አንድ ሙሉ ፒክስል ላይ ያሳርፈው ነበር፤ ቅርጹ ትንሽ ይዛባል፣ ጠርዙ ግን እንደ ምላጭ የሰላ ነው። አዲሱ ፊደሉን በትክክለኛ ቦታው፣ ካስፈለገም በሁለት ፒክስሎች መካከል ያስቀምጠዋል፤ ቅርጹ ይጠበቃል፣ መስመሩ ግን በሁለቱ ላይ ተከፋፍሎ ይለሰልሳል። ያንን ሰው «ብዥ አለብኝ» ብሎ ጠራው። ቃሉ ልክ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ቆይቶ ኤሪያልን፣ ቨርዳናንና ታሆማን የመሰሉ ዋና ዋና ፎንቶች በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 ደብዝዘው እንደሚታዩ ገልጾ ማስተካከያ አወጣላቸው። ክሮም በበኩሉ በነሐሴ 2014፣ በ37ኛው ስሪቱ፣ ወደዚያው መንገድ ገባ።

የክሮም ታሪክ አንድ የሚያስቅ ጅራት አለው። ዊንዶውስ ውስጥ ሰው የፊደሉን ክረት ለገዛ ዓይኑ እንዲያስተካክል የተሠራ ክሊርታይፕ ቲዩነር የሚባል መሣሪያ አለ፤ በርካታ ናሙና ያቀርብልህና «የቱ ይሻልሃል?» ይላል። ክሮም እዚያ የተመረጠውን የክረት መጠን በራሱ ማክበር የጀመረው በ132ኛው ስሪት፣ በጥር 2025 ነው። ከዚያ በፊት መሣሪያውን ከፍቶ በትዕግሥት ሲመርጥ የኖረ ሰው ብሮውዘሩ ውስጥ ያንን ክረት አላገኘም።

አፕል ያደረገው ከዚህ የተለየ ነው። ማክ ኦኤስ ሞሃቪ በ2018 ሲመጣ በሦስቱ ዘንጎች የመቅረጹ ዘዴ ቀረና በግራጫ ብቻ መሳል ተጀመረ። በአንድ ኢንች 220 ፒክስል ገደማ ባለው የማክቡክ ሬቲና ስክሪን ላይ ይህ እምብዛም አይታወቅም። ያንኑ ማክ ከተራ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ጋር አገናኝቶ የሚሠራ ሰው ግን በአንድ ኢንች 92 ፒክስል ብቻ ነው ያለው፤ እዚያ ላይ ፊደሉ ሳስቶ ወይም ወፍሮ፣ ዳር ዳሩ ጭስ የለበሰ መስሎ ይታያል። ውሳኔው ውድ ስክሪን ያለውን ታሳቢ ያደረገ ነበር። የአፕዴት ጣጣ ባብዛኛው እንዲህ ነው፤ አዲሱን ዕቃ ለያዘው መሻሻል የሆነው አሮጌው ላይ ጉድለት ሆኖ ይደርሳል።

የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ከላቲኑ ይበልጥ ይጎዳል። በላቲን ፊደል አንዱ ከሌላው የሚለየው ባብዛኛው በትልቅ ቅርጹ ነው። በግዕዝ ግን ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ሌ አካላቸው አንድ ሆኖ የሚለያዩት ከጎን በምትወጣ ጭረት ወይም ከእግር ላይ ባለች ቀለበት ነው። ሉ ጭረቷ ወገብ ላይ፣ ሊ እግር ላይ ናት፤ ሌ እግሯ ላይ ቀለበት አላት። ድረ ገጽ ላይ በተለመደው አነስተኛ መጠን ያቺ ቀለበት ሁለት ወይም ሦስት ፒክስል ብትይዝ ነው። መሐሏ በግራጫ ከተሞላ ቀለበትነቷ ጠፍቶ ጭረት ትመስላለች፤ አንባቢው ሌን ከሊ የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ አገባብ ይሆናል። ሚ እና ሜ፣ ቢ እና ቤም እንዲሁ ናቸው። አማርኛ ሲያርም የሚውል ሰው «ዓይኔን አጨንቁሬ ዋልኩ» ሲል የሚያወራው ስለዚህች ቀለበት ነው።

በዚህ ላይ ፎንቱ ራሱ በአፕዴት ይቀየራል። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ይዞት የመጣው የአማርኛ ፎንት ኒያላ ነበር፤ ወፍራምና ቀጭን መስመር እያፈራረቀ የብዕር መልክ ያለው ነው። ዊንዶውስ 8 ኤብሪማ የተባለውን፣ ውፍረቱ ወጥ የሆነውን ፎንት ለግዕዝ ፊደልም አዘጋጀ። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ኒያላን ከመደበኛው ጭነት አውጥቶ «የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶች» በሚል አማራጭ ጥቅል ውስጥ ከተተው፤ ጥቅሉ ካልተጫነ የለም። በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መልኩ ተለውጦ፣ መስመሩ ተገፍቶ፣ የገጹ መጨረሻ ወደ ሌላ ገጽ አልፎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ለጸሐፊዋ ይህ የአቀማመጥ ችግር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚያነበው ሰው ግን ዓይኑ የለመደው የፊደል ውፍረትና የመስመር ርቀት በአንድ ጊዜ ነው የተነሣበት። እንግሊዛዊው ተመራማሪ አርኖልድ ዊልኪንስ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየው የተደረደሩ የጽሑፍ መስመሮች ለአንዳንድ ዓይን፣ በተለይ ማይግሬን ላለበት ሰው፣ ጥቁርና ነጭ ሸርጥ ሆነው ይረብሻሉ። የመስመሩ ርቀት ሲቀየር ሸርጡም አብሮ ይቀየራል።

ከፊደል ወደ ብርሃን ስንሻገር መሬቱ ይላላል። ዊልኪንስና ባልደረቦቹ በ1989 ያወጡት ጥናት አሁንም ዋናው መነሻ ነው። በቢሮ ውስጥ የነበረው ተራ ፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይዋዥቅ ነበር፤ ማንም ብልጭታውን በዓይኑ አያየውም። መዋዠቁ በሌለበት ዓይነት ሲተካ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የማይታይ ብልጭታ ሰው ሊያሳምም እንደሚችል የተረጋገጠው እንግዲህ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ስክሪኖች ከመምጣታቸው በፊት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በኢንተርኔት ካፌ ዘመን የሠራ ሰው ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ተደርጎ» ሲመለስ የግራፊክስ ድራይቨሩ ካልተጫነ ያ ትልቅ ሆዳም ሞኒተር ወደ 60 ኸርዝ ይወርዳል፤ በጎን ሲያዩት ይንቀጠቀጣል፣ ከሰዓት በኋላ ግንባር ይመታል። ድራይቨሩ ተጭኖ ወደ 85 ሲወጣ ሰላም ይሆናል። ሶፍትዌር የብርሃኑን ምት ሲቀይር ዓይን የሚከፍለውን ዋጋ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምስክር አልፈልግም።

የአሁኖቹ ስክሪኖች አይንቀጠቀጡም፣ ግን ብዙዎቹ ብራይትነስ ሲቀነስ መብራታቸውን በእርግጥ አያደበዝዙትም፤ በፍጥነት እያጠፉ እያበሩ ዓይንን ያታልሉታል። ብራይትነሱ በወረደ ቁጥር ጠፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። አንዳንድ ላፕቶፖች ሙሉ ብራይትነስ ላይ ምንም አይቆራርጡም፣ 40 በመቶ ላይ ግን በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይቆራርጣሉ። አፕዴቱ ብራይትነሱን ዝቅ አድርጎ ቢመልሰው፣ ወይም በአንዳንድ የቆዩ የኢንቴል ላፕቶፖች እንደሚሆነው የመቆራረጡን ፍጥነት የሚወስነው ድራይቨር ቢተካ፣ ያው ስክሪን ሌላ ብርሃን መስጠት ይጀምራል። ይህኛውን ማረጋገጥም ይቻላል፤ ምቱ ዝግ ያለ ከሆነ የስልክ ካሜራ በስሎ ሞሽን ሲቀርጸው ስክሪኑ ላይ የሚሮጡ ጥቁር ሰንበሮች ይታያሉ።

ሌላው ተጠርጣሪ ዲተሪንግ ይባላል። ርካሽ ስክሪን ለእያንዳንዱ ቀለም 64 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ዊንዶውሱ ግን 256 ይጠይቀዋል። በ40ኛውና በ41ኛው ደረጃ መካከል ያለ ግራጫ ሲታዘዝ ፒክስሉ አንዴ 40፣ አንዴ 41 እያለ ይፈራረቃል፤ ዓይናችን አማካዩን ያያል። ይህን ማፈራረቅ ሞኒተሩ ራሱ ወይም የግራፊክስ ድራይቨሩ ሊሠራው ይችላል፤ ሁለተኛው ከሆነ አንድ አፕዴት ሊጀምረው ወይም ሊያቆመው ይችላል ማለት ነው። ከአፕዴት በኋላ ዓይናቸው የታመመባቸው ብዙ ሰዎች ጣታቸውን እዚህ ላይ ነው የሚቀስሩት። ለአዲሶቹ ማኮች ስቲልከለር የሚባል ዲተሪንግ ማጥፊያ በበጎ ፈቃድ ተሠርቶ በነጻ ይታደላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ጠንቀቅ እላለሁ። ለውጡ ከ64 ወይም ከ256 ደረጃ አንዷን ብቻ የሚያንቀሳቅስ፣ ከዊልኪንስ ፍሎረሰንት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደቃቅ ነገር ነው፤ ክሱም እስካሁን የቆመው በአብዛኛው በተጎጂዎች ምስክርነት ላይ ነው። ምስክርነቱን አልንቅም፣ ግን ሞኒተር ለውጦ ብር ከማውጣት በፊት ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ማጣራት ይቀድማል።

ከነዚያ አንዱ ብዙ ሰው የማያስበው የባትሪ ቁጠባ ነው። የኢንቴል ድራይቨር ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ስክሪኑ ላይ ባለው ምስል መጠን መብራቱን እያደበዘዘ ክረቱን የሚያካክስ ዘዴ አለው፤ ዊንዶውስ 11ም እንደ ይዘቱ ብራይትነስ የሚቀይር የራሱ ማስተካከያ አለው። ነጭ ገጽ ሲከፈት ይበራል፣ ጠቆር ያለ ሲመጣ ዝቅ ይላል። የዓይን ብሌን እየተከተለ ሲሰፋ ሲጠብ ይውላል። ድራይቨር እንደ አዲስ ሲጫን ይህ ተመልሶ መብራቱ የተለመደ ነው። «ቻርጅ ላይ ሲሆን ደህና ነኝ፣ በባትሪ ሲሆን ያመኛል» የሚል ሰው ካጋጠመ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይኸው ነው።

የእንቅስቃሴና የመልክ ለውጥ ደግሞ ማንም የማይክደው ነው፣ ምክንያቱም ለሁሉም ይታያል። አፕል በመስከረም 2013 አይኦኤስ 7ን ሲያወጣ ፊደሉን አቅጥኖ፣ ገጹን አንጥቶ፣ መተግበሪያ በተከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ወደ ውስጥ የሚስብ አስመስሎ ነበር። መኪና ላይ እንደተቀመጠ ሰው ያጥወለወላቸው ተጠቃሚዎች በረከቱ። በቀጣዩ ወር በ7.0.3 «እንቅስቃሴ ቀንስ» የሚለው ማስተካከያ ይህን ስበትም እንዲያስቀር ተደረገ። በ2025 ታሪክ ራሱን ደገመ፤ አይኦኤስ 26 መስታወት መሳይ፣ ከኋላው ያለውን የሚያሳይ መልክ ይዞ መጣ፣ ጽሑፍ በሥዕል ላይ ተነባብሮ ለማንበብ አስቸገረ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ 26.1 መስታወቱን የሚያደፈርስ አማራጭ ጨመረ። ሁለቱም ጊዜ ማስተካከያው የመጣው ሰው ከጮኸ በኋላ ነው።

ጥቁሩን ገጽታ (ዳርክ ሞድ) በተመለከተ ሰው የሚያምነውና ጥናቱ የሚለው ይለያያል። በ2013 በጀርመን ዱሰልዶርፍ ያሉ ተመራማሪዎች በነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ለወጣቱም ለሸመገለውም የተሻለ እንደሚነበብ አሳይተዋል። ብርሃን ሲበዛ ብሌን ይጠባል፣ ብሌን ሲጠብ ምስሉ ይጠራል። አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ሲያነብ ፊደሉ ዙሪያውን ሲፈስ ያየዋል። ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ ክሮም በ2019፣ በ76ኛው ስሪት፣ ድረ ገጾች ኮምፒውተሩ ላይ የተመረጠውን ገጽታ ጠይቀው እንዲከተሉ መንገድ ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ትናንት ነጭ የነበረ ገጽ ማንም ሳይነካው ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። ለጨለማ ክፍል ጥቁሩ ይስማማል፤ ፀሐይ በሚገባበት ቢሮ ግን አይመከርም።

ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣራ መነጽር? የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2023 ባወጣው ግምገማ 17 ሙከራዎችን አይቶ ከተራ መነጽር ይልቅ የዓይን ድካምን በአጭር ጊዜ የሚቀንስ አይመስልም ብሏል። ገንዘቡን ለትክክለኛ ምርመራ ማዋል ይሻላል።

አሁን ወደ ማይመቸው ክፍል እንምጣ። ክሮም በ2021 የስሪቶቹን ርቀት ከስድስት ወደ አራት ሳምንት ዝቅ አደረገ፤ ፋየርፎክስ ከዚያ በፊት አድርጎት ነበር። ዊንዶውስ በየወሩ ይመጣል፣ ስልኩም የራሱ አለው። ማንኛውም የዓይን ሕመም በጀመረበት ሳምንት አንድ አፕዴት መኖሩ አይቀርም። 40 ዓመት የሞላው፣ የቅርብ ማየት የሚያስቸግረው ሰው፣ በበጋ አቧራ ወይም በፋን ነፋስ ፊት የሚቀመጥ ሰው፣ ሁለት ዓይኑን አንድ ላይ ለማቅረብ የሚቸገር ግን ያልተመረመረ ሰው፣ ሁሉም ለሕመሙ የሚሆን አፕዴት ያገኝለታል። በዚያ ላይ «ያመኛል» ብሎ የጠበቀ ሰው በእርግጥ ያመዋል። ይህ የውሸት ሕመም አይደለም፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው።

ለመለየት ካየኋቸው መንገዶች የምወደው እጅግ ቀላሉን ነው። ያልታደሰ ኮምፒውተር ካለው ባልደረባ ጋር አንድ ዓይነት ገጽ፣ በአንድ ዓይነት መጠን ተከፍቶ ከሁለቱም ስክሪንሾት ይነሣ፣ ከዚያ ሁለቱም ምስሎች በአንዱ ስክሪን ላይ ስምንት ጊዜ ይጉሉ። አንዱ ፊደል ዳሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ካለው፣ ሌላው ግራጫ ብቻ ከሆነ፣ ወይም አንዱ አንድ ፒክስል ሌላው ሁለት ፒክስል ከወፈረ፣ ክርክሩ አበቃ፤ የተቀየረው ፊደሉ ነው። ሁለቱ ምስሎች አንድ ከሆኑ ግን ለውጡ ከዚያ በታች ነው፤ መብራቱ፣ ዲተሪንጉ፣ ወይም ሰውየው ራሱ። ስክሪንሾት የመብራቱን ምት አይዝም። ቀጥሎ ክሮም ውስጥ «ሲስተም» ከሚለው ሥር የግራፊክስ ማፍጠኛውን አጥፍቶ መሞከር ነው። ከተቻለ ሌላ ሰው በዘፈቀደ ያብራው ያጥፋው፤ ተጠቃሚው የቱ እንደሆነ ሳያውቅ ስሜቱን ይመዝግብ። ለብዙ ቀን ከተገጣጠመ የአይቲ ክፍሉ «የሥነ ልቦና ነው» ሊለው አይችልም።

ምክንያቱ ከታወቀም በኋላ መውጫው ጠባብ ነው። ዊንዶውስ ትልቁን አፕዴት ለመመለስ የሚሰጠው 10 ቀን ነው፤ ድራይቨርን ከ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፣ የቀድሞው ካለ። ብሮውዘርን ግን ወደ ኋላ መልሶ መያዝ ባንክና ኢሜይል ለሚከፍት ሰው አደገኛ ነው፤ ሌባ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በየወሩ ይታወቃሉና። እኛ አገር ፓኬጅ ይበላል ተብሎ አፕዴት የሚዘጋበት ቢሮ ብዙ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ሰላም ሊሆን ይችላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ክፍት በር ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የማማርረው ይህን ነው። ስኳር ፈልጎ የመጣን ሰው ሳሙናውን ካልጨመርክ አልሸጥልህም እንደሚል ባለሱቅ፣ ኩባንያዎቹ የደኅንነቱን መጠገኛና የመልኩን ለውጥ በአንድ ከረጢት ጠቅልለው ይሰጣሉ። ቀዳዳውን መድፈን ለሁሉም ግዴታ ነው። የፊደሉን አሣሣል፣ የገጹን ቀለምና የእንቅስቃሴውን ዓይነት በዚያው ሌሊት ለሁሉም መቀየር ግን ምንም የቴክኒክ ግዴታ የለበትም። ለያይቶ መስጠት እንደሚቻል ሞዚላ ከ2012 ጀምሮ አሳይቷል። ለድርጅቶች ተብሎ የወጣው የፋየርፎክስ ኢኤስአር ስሪት የደኅንነት መጠገኛውን በጊዜው ይቀበላል፣ ሌላው መልኩና ባሕርዩ ግን አንድ ዓመት ያህል ባለበት ይቆያል። ማንም ሰው አውርዶ ሊጭነው ይችላል። ዓመቱ ሲሞላ የተጠራቀመው ለውጥ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ቢያንስ ቀኑ ስለሚታወቅ ስክሪንሾቱን አስቀድሞ አንሥቶ መጠበቅ ይቻላል።

በሃርድዌሩ በኩልም መጠነኛ መንቀሳቀስ አለ። አይፎን በኦኤልኢዲ ስክሪን መሠራት የጀመረው በ2017 ነው፤ መብራቱ መቆራረጡን የሚያማርሩ ሰዎችም ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ሲጽፉ ኖረዋል። በ2025 የወጡት አይፎን 17 ስልኮች በተደራሽነት ማስተካከያዎች ውስጥ፣ የስክሪንና የጽሑፍ መጠን ከሚለው ሥር፣ ይህን ምት የሚያለዝብ ማብሪያ ማጥፊያ ይዘው መጡ። ሲገዛ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ የሚያስፈልገው ሰው ገብቶ ያበራዋል።